ካኪ ያለበሰን ወንዝ

አዲስ ጫማ ገዝቶ መጀመሪያ የሚያሸት ሰው አይገባኝም። በቀደም ልደታ፣ ከፍርድ ቤቱ ማዶ ካሉት ሱቆች በአንዱ፣ ልጁ ጫማውን ከካርቶኑ አውጥቶ አፍንጫዬ ሥር አስጠጋልኝ። «ኦሪጅናል ቆዳ ነው እናቴ፣ አሽትቺው» አለኝ። ወደ ኋላዬ ሸሸሁ። ዋጋ ላስቀንስ መስሎት ነው መሰለኝ ቅር አለው። እንዴት ብዬ ላስረዳው? ያ ሽታ ለእኔ የጫማ ሽታ አይደለም። የወንዝ ሽታ ነው፤ አክስቴ ይመኙሻል ቤት የኖርኩበት የዚያ ዓመት ሽታ።

አባቴ ለሥራ ወደ ክፍለ ሀገር ሲዛወር እናቴን ይዞ ሄደ፤ እኔ ትምህርቴ እንዳይቋረጥ ተብሎ ጌጃ ሰፈር ቀረሁ። ሦስተኛ ክፍል ነበርኩ። አክስቴ የሰው ልብስ አጥባ የምታድር ሴት ነበረች። ባሏ ሞቷል፤ ያላት ልጅ ታደሰ ብቻ ነው። ታደሰ ረጅም፣ ሲስቅ ድዱ የሚታይ ልጅ ነበር፤ ወንዙ ዳር ጎመንና ካሮት ያለማል። ካሮቱን ነቅሎ፣ በውኃ ለቅለቅ አድርጎ፣ «እናቴ እንዳታይሽ» ብሎ ይሰጠኛል። አክስቴ ብታየንም ምንም እንደማትል ሁለታችንም እናውቅ ነበር።

ዛሬ ያንን ወንዝ ላየ ሰው ልብስ ይታጠብበት ነበር ብለው ይስቅብኛል። እኔ ግን አይቼዋለሁ። ጠዋት ጠዋት ውኃው የሥሩን ድንጋይ እያሳየ ነበር የሚወርደው፤ ግራና ቀኙ ቄጠማ ነው። ሴቶቹ ወንዙን በድንጋይ እየከተሩ ኩሬ ይሠራሉ፤ ልብሱን እዚያ ይዘፈዝፋሉ። ሳሙና ከቀበሌ ሱቅ በወረፋ ነበር የሚገኘው፤ ስለዚህ ነጭ ልብስ በእንዶድ ይታጠባል። እንዶዱን መውቀጥ የእኔ ሥራ ነው። አረፋው እጄ ላይ ሲደርቅ ቆዳዬን ጭምድድ ያደርገዋል፤ አሮጊት ሆንኩ ብዬ ለአክስቴ አሳያታለሁ። «እኔም እንዲሁ ነው የጀመርኩት» ትለኛለች።

ከላይ፣ ከመታጠፊያው ባሻገር፣ ቆዳ ፋብሪካ አለ። አብዛኛውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ የቆዳ እጣቢውን ይለቅቃል። መጀመሪያ የሚያዩት የላይኞቹ አጣቢዎች ናቸው፤ «መጣ!» ብለው ይጣራሉ። ቀጥሎ ያሉት ይቀበላሉ፤ እንዲህ እየተቀባበሉ እኛ ጋ ይደርሳል። ያኔ ሁሉም ልብሱን እየጎተተ ይወጣል። ቡናማው ውኃ አረፋውን ተሸክሞ ያልፋል፤ በማግስቱ ጠዋት ወንዙ ጠርቶ ይገኛል። እኔ «መጣ» ሲባል የሚመጣው ሰው መስሎኝ ብዙ ጊዜ ቆሜ ጠብቄዋለሁ። አክስቴ ግን በየቀኑ ትረግመው ነበር። «ይኼ ደም ሥሩ የደረቀ ፋብሪካ» ትላለች። በዚያ ዓመት የሚለቀው በዛ። ለወታደር ጫማ የሚሆን ቆዳ ስለሚፈለግ ፋብሪካው ሌት ተቀን ይሠራል ይባል ነበር።

ዘመኑ ወንድ ልጅ ያለው ቤት ሁሉ የሚሳቀቅበት ነበር። ዕድሜው የደረሰ በቀበሌ ስሙ ይጠራና ወደ ማሠልጠኛ ይላካል፤ ያልተጠራውም ቢሆን መንገድ ላይ ይታፈሳል። የታደሰ ስም አልተጠራም። ለምን እንዳልተጠራ የሚያውቁት አክስቴና የቀበሌው ሊቀመንበር ናቸው፤ እነሱም ቢሆኑ አውርተውበት አያውቁም። አክስቴ የቀበሌውን ልብስ፣ መጋረጃና ባንዲራ በነፃ ታጥባለች፤ ሊቀመንበሩም ይረሳል። እንዲሁ ነበር የሚኖረው።

ታደሰ ግን ቤት አያድርም ነበር። ፀሐይ ስትገባ ጎመኑ መሀል ወዳለችው ጎጆ ይሄዳል። እዚያ የሚጠብቁት እንቁራሪቶች ናቸው። አመሻሽ ላይ ሲጀምሩ ሰው ከሰው መደማመጥ ያቅተዋል። ሰው ድንጋዩን እየረገጠ ወንዙን ሲሻገር ግን ከዚያ በኩል ያሉት ድንገት ዝም ይላሉ፤ ታደሰም ዝምታውን ሲሰማ በጀርባ በኩል ወጥቶ ገደሉን ይይዛል። አንዴ አብዮት ጠባቂዎች በዚያ ሲያልፉ እንዲህ ነው ያመለጠው። እኔ እንቁራሪቶቹ ለእሱ የተቀጠሩ ዘበኞች መስለውኝ እራታቸውን ማን እንደሚሰጣቸው ጠየቅሁት። «እኔ ነኝ እንጂ ማን ይሰጣቸዋል» አለኝ ሳይስቅ። ከዚያ በኋላ ከምሳዬ ላይ እየቆነጠርኩ ቄጠማው ውስጥ እጥልላቸው ነበር።

ሚያዝያ ሲገባ የሠራተኞች ቀን ሰልፍ ወሬ ተጀመረ። የቀበሌው ሴቶች የሚለብሱት ከነጭ አቡጀዴ የተሰፋ ቀሚስ ነበር። ሰልፉ ሲያበቃ መጋዘን ይገባል፣ አይጥ ይጫወትበታል፣ ለሚቀጥለው ሰልፍ አክስቴ ታጥበዋለች። በዚያ ዓመት ጆንያዎቹን ያመጣው ሊቀመንበሩ ራሱ ነው፤ ሁለት አብዮት ጠባቂዎች አስሸክሞ። ወጣት ነው፣ ንጹሕ ለባሽ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማይናገር።

«ጓድ ይመኙሻል፣ ዘንድሮ የሚያዩን ትልልቅ ሰዎች ናቸው። ወተት መምሰል አለበት» አለ።

«ይመስላል።»

ሊወጣ ከዞረ በኋላ በሩ ላይ ቆመ። «ልጅዎ ታደሰ እንዴት ነው? አደገ አሉ። ዕድሜው ስንት ደረሰ?»

መልሱን አውቀው ነበር። አፌን ልከፍት ስል አክስቴ ከኋላ ቆነጠጠችኝ። ትልልቅ ሰዎች መሀል ስለገባሁ መስሎኝ አፈርኩ።

«የድሃ ልጅ ዕድሜ ማን ይቆጥራል፣ ጓድ ሊቀመንበር» አለች።

ፈገግ አለ። «እውነትዎን ነው። እኛም አልቆጠርንም» አለና ሄደ።

አክስቴ ጆንያው ላይ ቁጭ አለች።  ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ ከትልቅ ሰው ጋር እንደምታወራ አድርጋ፣ «ይኼ ልብስ ነጭ ካልሆነ ታደሰ የለም። ገባሽ?» አለችኝ። ገባኝ አልኩ። የገባኝ ግን ግማሹ ነው።

በነጋታው ማልደን ወረድን። እትዬ ከድጃም መጡ። እትዬ ከድጃ ጎረቤታችን ናቸው፤ እሳቸውም አጣቢ ናቸው፤ አክስቴን ማሳቅ የሚችል ሰው ቢኖር እሳቸው ብቻ ናቸው። ቀሚሶቹን ሁሉ በእንዶድ አሽተን ኩሬው ውስጥ ዘፈዘፍናቸው። ጸጥ ያለ ጠዋት ነበር፤ ጸጥ ያለበትን ምክንያት ማናችንም ልብ አላልንም። የላይኞቹ አጣቢዎች በሙሉ ለሰልፍ ልምምድ ተጠርተው ሄደዋል። ፋብሪካው ደግሞ በዚያ ቀን ሰዓቱን ጠብቆ አልለቀቀም።

ቀድሞ የደረሰን ሽታው ነው። አክስቴ ቀና አለች። «ማንም አልተጣራም እኮ» አለች፤ ይህን ብላ ሳትጨርስ አረፋው መታጠፊያው ላይ ታየ። ከነቀሚሷ ገባችበት። እትዬ ከድጃም ተከተሉ። አንዱን ሲጎትቱ ሌላው ይሰምጣል፤ የራሰ አቡጀዴ እንደ ሰው ይከብዳል። እኔ ዳር ላይ ሆኜ የሚወረውሩልኝን እቀበል ነበር። ውኃው አልፎ ስናየው፣ ሣሩ ላይ የተዘረጋው ልብስ ሁሉ ዝንጉርጉር ሆኗል። አንዱ እጅጌው ቡናማ ነው፣ አንዱ ጀርባው፣ አንዱ ጠርዙ ብቻ። አክስቴ አላለቀሰችም። ባታለቅስ ይሻለኛል ብዬ ነበር፤ አለማልቀሷ ግን የባሰ አስፈራኝ።

ያላደረገችው የለም። በእንዶድ አሸችው፣ በአመድ ዘፈዘፈችው፣ በሎሚ ፈተገችው፣ ፀሐይ ላይ አሰጣችው። ቀለሙ ይበልጥ ደመቀ።

«ፋብሪካው ነው በያቸዋ» አሉ እትዬ ከድጃ።

«ፋብሪካው የማን ነው?»

«የመንግሥት።»

«ታዲያ መንግሥትን ለመንግሥት ልክሰስ? አሻጥር ነው ይሉኛል።»

እኔ አሻጥር የበሽታ ስም ይመስለኝ ነበር፤ በሰፈራችን አሻጥር አለበት የተባለ ሰው ተወስዶ ስላልተመለሰ። አክስቴ እንዳይዛት ፈርቼ ቀሚሷን ያዝኩ።

እትዬ ከድጃ ክምሩን ሲያገላብጡ ቆዩና አንዱን ቀሚስ ነጥለው አወጡ። ኩሬው ሥር ድንጋይ ተጭኖት የቀረው ነው። ከአንገቱ እስከ ጠርዙ አንድ ዓይነት ሆኗል፤ ዝንጉርጉር የለበትም።

«ይኼ ምንድን ነው?» አሉ።

«የተበላሸ ልብስ» አለች አክስቴ።

«ካኪ ነው እንጂ። ወላሂ ካኪ ነው። የሚወዱት ቀለም! ነጭ ማድረግ ካቃተን ሁሉንም እንዲህ እናድርገዋ።»

«በምን?»

«ባበላሸው ነዋ።»

አክስቴ ልብሱ ከተበላሸ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅ አለች፤ ወዲያው ደግሞ ሳቋን ዋጠችው።

በማግስቱ ኩሬውን በድንጋይ ከፍ አድርገን ከተርን፤ ቀሚሶቹን አንድ በአንድ ዘርግተን ድንጋይ ጫንንባቸው። ከዚያ ቁጭ ብለን ጠበቅን። ውኃው ንጹሕ ሆኖ ወረደ። ከሰዓት በኋላም ንጹሕ ነው። በሚቀጥለውም ቀን እንዲሁ። ኋላ እንደሰማነው ለበዓሉ እንግዶች ፋብሪካውን ሊጎበኙ ስለነበር መውረጃው ተዘግቶ እጣቢው ግቢ ውስጥ ይጠራቀም ነበር። የሰፈሩ ልጆች ዋና ጀመሩ። የእግር ጣቴን ውኃ ውስጥ ሆኖ ሳየው ደስ ብሎኝ፣ «አክስቴ እይው፣ እንዴት ጠርቷል!» ብዬ ጮህኩ። ቀና ብላ አየችኝ። «ዝም በይ አንቺ ልጅ» አለችኝ። እንደዚያ ተቆጥታኝ አታውቅም።

ሰልፉ እየቀረበ ነው። አንዱ አብዮት ጠባቂ ጠዋትም ማታም እየመጣ ልብሱ ደርሶ እንደሆነ ይጠይቃል። አክስቴ በሩን ገርበብ አድርጋ፣ «ፀሐይ እየጠበቅን ነው» ትለዋለች። ሰማዩ ላይ ደመና የለም። ሰውዬው ሰማዩን ያይና እሷን ያያል። ወንዙ ዳር ስንመለስ ፊቷን ወደ ላይ፣ ወደ ፋብሪካው አዙራ ትቀመጣለች። ዓመቱን ሙሉ ስትረግመው የኖረችውን መለመን ጀመረች። «እመቤቴ ልደታ፣ ዛሬ እንኳ ይልቀቁት። ባክሽ ዛሬ ይልቀቁት» ስትል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እኔም አብሬያት ጸለይኩ። ለምን እንደምንጸልይ ግራ ገብቶኝ ነበር፤ ግን ታደሰን እወደዋለሁ።

የሰልፉ ዋዜማ፣ ፀሐይ ዘንበል ስትል፣ ከላይ «መጣ!» የሚል ድምፅ ሰማን። ተቀባብለው አደረሱልን። አክስቴ ተነሥታ አማተበች።

እንደ ሁልጊዜው አልነበረም። የተጠራቀመው ሁሉ አንድ ላይ ነው የተለቀቀው። ውኃው ወፍራም ነው፤ አረፋው እስከ ጉልበቷ ይደርሳል፤ ሽታው ዓይን ያቃጥላል። ሁለቱ ሴቶች እዚያ ውስጥ ገብተው ልብሱን በእግራቸው እየረገጡ፣ እያገላበጡ፣ እንደገና እየረገጡ ቆዩ። ሲወጡ እግራቸው እስከ ጉልበታቸው ቀልቷል። ቀሚሶቹ ግን ሁሉም ካኪ ሆነዋል፤ አንድም ዝንጉርጉር የለም። በቦኖ ውኃ አለቅልቀን በየጎረቤቱ ገመድ ላይ አሰጣን። ከመውጣታችን በፊት አንድ እንቁራሪት ነጭ ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ ተንሳፍፎ አየሁ። የተኛ መሰለኝ። ከጎኑ ሌላም ነበር።

ጠዋት ሴቶቹ የቀበሌው ግቢ ውስጥ ለብሰው ተሰለፉ። ሊቀመንበሩ ገብቶ ሲያያቸው ፊቱ ተለወጠ።  አክስቴ አጠገብ መጥቶ፣ ያንኑ ዝቅ ያለ ድምፁን እንደያዘ፣ «ይኼ ምንድን ነው?» አላት።

እትዬ ከድጃ ሌሊቱን ሲያስጠኗት ያደሩትን አለች። «ጓድ ሊቀመንበር፣ ላብ አደር ነጭ ለብሶ ይሠራል እንዴ?»

ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁ። ያን ጊዜ ከቀበሌው በላይ ካለው ከከፍተኛው ጽሕፈት ቤት የመጡ አንድ ጎልማሳ ሰውዬ በበሩ ገቡና ሰልፉን ከዳር እስከ ዳር ተመለከቱ። «ጥሩ ነው! የሌላው ቀበሌ ሙሽራ መስሎ ነው የመጣው። የማን ሐሳብ ነው?» አሉ። ሊቀመንበሩ ዓይኑን ከአክስቴ ላይ ሳያነሣ፣ «የቀበሌያችን ውሳኔ ነው፣ ጓድ» አለ። ሴቶቹ በአንድ እጃቸው ባንዲራ ይዘው፣ በሌላው አንገታቸውን እያከኩ ሄዱ። ማሳከኩ ከብዙዎቹ አንገት ላይ በቶሎ አልለቀቀም። የአክስቴ እግር ግን ቆሰለ፤ ቁስሉ ሲሽር ጠባሳው ቀረ።

አመለጥን ብለን ነበር። በእርግጥ የታደሰ ስም ያን ጊዜም አልተጠራም፤ ሊቀመንበሩ በዚህ ይመሰገናል።

ግን እንቁራሪቶቹ ዝም አሉ። የዋዜማው ዕለት ማታ ታደሰ ጎጆው ሆኖ ዝምታውን ሲሰማ ሰው የመጣ መስሎት ገደሉን ወጥቶ ብርድ ላይ አደረ። ማንም አልመጣም። በማግስቱም ዝም ነው፤ በማግስቱም ሸሸ። እንዲህ እየሸሸ ቀናት ካለፉ በኋላ ዓይኑ ቀልቶ፣ ጭቃ ለብሶ ወደ ቤት ገባና፣ «ሞተዋል መሰለኝ፣ እማዬ። ሁሉም ሞተዋል» አለ። አክስቴ ቁስሏን በጨው ውኃ እያጠበች ነበር፤ እጇ ቆመ።  ከዚያ በኋላ ታደሰ መሸሹን ተወ። ዝምታውንም ለመደው።

ግንቦት ልደታ ደረሰ። እንደ ወጉ ጎረቤቱ ሁሉ ደጅ ወጥቶ ንፍሮ ቀቀለ። እትዬ ከድጃም የድርሻቸውን ባቄላ አምጥተው አብረውን ተቀመጡ። ሌላ ጊዜ ቄጠማ የሚታጨደው ከወንዙ ዳር ነበር፤ ዘንድሮ ቄጠማው ከሥሩ ቢጫ ሆኖ ተኝቷል፤ ስለዚህ ባዶ መሬት ላይ ነው የተቀመጥነው። ፀሐይ ሳትገባ አክስቴ በሳህን ንፍሮ ሞልታ፣ «ለወንድምሽ አድርሺለት» አለችኝ።

ጎጆው ደፍ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን በላን። እሱ ሽምብራውን እየመረጠ ለእኔ ይሰጠኛል፤ እኔ ባቄላውን ለእሱ።

«ታዴ፣ ዝም ብሏል እኮ» አልኩት።

«ሁልጊዜ ዝም ነው አሁን» አለኝ።

ጎመኑ መሀል ሲደርሱ ነው ያየናቸው። ከሌላ ቀበሌ የመጡ አብዮት ጠባቂዎች ናቸው፤ አንዳቸውንም አላውቃቸውም። ወንዙን ተሻግረው ሲመጡ ድምፅ ያሰማ ወይም ድምፁን ያቋረጠ ነገር አልነበረም። ታደሰ ሊሮጥ ተነሣ፤ ከዚያ ወደ እኔ አየና ተመልሶ ቆመ። ሳህኑን አስጨበጠኝ። «ቀስ ብለሽ ውጪ፣ ድንጋዩ ያንሸራትታል» አለኝ። ያን ያህል ጮኼ አላውቅም፤ ዳገቱ ላይ ንፍሮ ይበሉ የነበሩት ሁሉ ሰሙኝ፤ ግን ሲደርሱ መንገዱ ባዶ ነበር። አክስቴ በቆሰለ እግሯ እስከ አስፋልቱ ሮጣለች። ሊቀመንበሩ ቤት ደጅ ላይ ስትለምን አመሸች። «ከእኔ እጅ አይደለም የወጣው» አላት። እውነቱን ሳይሆን አይቀርም።

ክረምቱ ሲገባ ማሠልጠኛው በር ላይ ሄደን እንድናየው ተፈቀደልን። ዝናብ ያካፋል። ታደሰ ጸጉሩን ተላጭቶ፣ ከስቶ፣ ሁለት ቁጥር የሚበልጠው አዲስ ቡናማ ጫማ ተጫምቶ መጣ። እኔን አቀፈኝ። አክስቴ ስንቁን ሰጠችውና ወደ እግሩ አየች። የአንዱ ጫማ ማሰሪያ ተፈትቷል። ጭቃው ላይ ተንበረከከችና ታስርለት ጀመር። ከዚያ እጇ ቆመ። ጎንበስ ብላ ቆየች፤ የምታለቅስ መስሎኝ እኔም ጎንበስ አልኩ። ጫማውን እያሸተተች ነበር።

«ይኼማ የእኛ ወንዝ ነው» አለች።

ታደሰ የቀለደች መስሎት ድዱ እስኪታይ ሳቀ። እሷ ማሰሪያውን ሁለት ጊዜ ቋጥራ ተነሣችና እጇን ነጠላዋ ላይ ጠረገች።